ኡሙሃኒና የቴሌግራሙ ዘመድ

ቆቦ ገበያ ማሽላ የምትሸጠው ኡሙሃኒ፣ ገዢው የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ እህል አትሰፍርም። ቸኩያለሁ ቢላት እንኳ እናቱ የዋጃ ትሁን የሮቢት ሳታጣራ ቁናውን አታነሳም።

አንድ ቀን ልጇ ፈሪሀ ስልኳን ይዛ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። አንድ የማታውቀው ሰው በቴሌግራም፣ "የአጎትሽ ልጅ ነኝ። ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ" ብሏታል።

"ላክሽለት?"

"ኧረ አልላክሁም እማ! ስልኩን ትቀሚኛለሽ ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልሁ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽና እቀማሻለሁ? ይልቅ ዘመድ ነኝ ካለ ሰላም ሳንለው ብንቀር ነውር ነው። በይ፣ ድምፄን ቅጂ።"

ፈሪሀ ቀዳች።

"አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እንደምነህ? ከብቱ ደህና ነው? አባትህ ማን ይባላል? አያትህስ? ከእኔ የሚደበቀውስ ፎቶ ምን ሊሆንልህ ነው?"

ሰውዬው ሰማው። ደግማ አስቀድታ ቅድመ አያቱን ስትጠይቀው ብሎክ አድርጓቸው ጠፋ።

"ምን ዓይነት ዘመድ ነው፣ አያቱን የማያውቅ!" አለችና ስልኩን ለልጇ መለሰችላት። "ሌላም ከመጣ አምጪልኝ።"

ፈሪሀ አሁን ማንም ቢጽፍላት ወደ እናቷ ትሮጣለች። ባለፈው ሳምንት የክፍሏ ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ ብትጠይቃት፣ ልጅቱ ለኡሙሃኒ እስከ ቅድመ አያቷ ቆጥራ ነው ያገኘችው።