አተላዬ ባሌን ያስመሸበት ሰሞን

የዛሬ ወር ገደማ፣ ሐሙስ ቀን... ነጠላዬን አገልድሜ፣ ምሳ ቋጥሬ፣ ባሌን ከሌላ ሴት ጋር እጅ ከፍንጅ ልይዝ ከቤት ወጣሁ።

ባለቤቴ ታረቀኝ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር በተሠራው ትንሽ የፍሳሽ ማጣሪያ ይሠራል። የሰፈራችን ፍሳሽ በቱቦ እዚያ ነው የሚገባው። መጀመሪያ «ሥራ እየተማርኩ ነው» ብሎ ትንሽ አመሸ፤ ቻልኩት። ኋላ ግን ባሰበት። ወሬው ሁሉ ደግሞ ትርንጎ ሆነ! ከደብረ ታቦር የመጣች የማጣሪያው ባለሙያ ናት።

«የትርንጎ ዓይን ጉድ ነው፣ ፍሳሹን ገና ስታየው ሕመሙን ታውቀዋለች» ይለኛል፣ ያውም የኔን ሽሮ እየበላ። የኔ ዓይን ምን ሆነና? ይኸን ሁሉ ዘመን ጠላ ጠምቄ ስሸጥ፣ ድፍድፉ መድረሱን በዓይኔ አይደል የማውቀው!

ስደርስ ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጠጋግተው አንድ ረጅም ብርጭቆ ላይ አፍጥጠዋል። ደሜ ፈላ።

«ምን አግኝታችሁ ነው እንዲህ የምታፈጡት?»

ትርንጎ ብድግ አለች። «እትዬ ደብሬ! ይምጡ፣ እርስዎም ይዩልን።» ስታምር ደግሞ... ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሳሹ ከሥር አየር ሲነፋለት፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ተሰባስበው እንደ ዳጉሳ ፍሬ ድብልብል ይላሉ። ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። አየሩ ሲቆም ፍሬው ቶሎ ይዘቅጥና ከላይ የጠራ ውኃ ይቀራል። ያን ቀን ግን ብርጭቆው ውስጥ ፍሬው ተፈረካክሶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ይንሳፈፋል።

«ካልዳነልን እንደ አዲስ መጀመራችን ነው፤ የስንት ወር ልፋት!» አለች፣ እንባዋ ሊመጣ። «የሆነ ጎምዛዛ ነገር እየገባበት ነው። ከየት እንደሚመጣ አጣነው።»

ከመግቢያው ፍሳሽ ወደተቀዳበት ባልዲ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ... ጌሾ! ያውም የኔው ጌሾ።

ለካ... ጥፋቱ የኔው ነው! አተላዬን ለእህቱ ላም የሚያደርስልኝ ታረቀኝ ነበር። ማምሸት ሲጀምር «የእህትህ ላም ምን አገባኝ» ብዬ በንዴት ወደ ቱቦው በሚገባው ቦይ ውስጥ መድፋት ያዝኩ። እሱ ሲያመሽ እኔ እደፋለሁ፣ እኔ ስደፋ ፍሬው ይታመማል፣ ፍሬው ሲታመም እሱ ከትርንጎ ጋር ያመሻል!

«ይቺ... አተላ ናት» አልኩ ቀስ ብዬ።

ታረቀኝ ቀና አለ። «የማን አተላ?»

«የሰፈር ነዋ።»

«በሰፈሩ ካንቺ ሌላ ጠላ የሚጠምቅ ማን አለ?»

ትርንጎ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ... ኋላ ግን ሳቋ ተጋባብኝ።

ከዚያ ወዲህ አተላውን ራሴው ለላሟ አደርሳለሁ። ፍሬውም እየዳነ ነው፣ ታረቀኝም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል። ትርንጎ ደግሞ «እትዬ፣ ያን ዓይንዎን ይዘው ይምጡ» እያለች ታስጠራኛለች።

ቅዳሜ ከእሷ ዘንድ ስመለስ፣ ታረቀኝ ደጃፍ ላይ አኩርፎ ቆሞ «ዛሬም ከትርንጎ ጋር ነው የዋልሽው?» አይለኝ መሰላችሁ!

ይቅመሳት።