ቀኑ ያልተጻፈበት ወረቀት

ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር የምሠራበት ቢሮ ሰው ሲቀጥር በዚያው ቀን የሥራ መልቀቂያውንም ያስፈርመው ነበር። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ይላል ወረቀቱ፤ ባዶ የሚተወው ቀኑ ብቻ ነው። ሁላችንም ፈርመናል። ወረቀቶቹን መሳቢያዬ ውስጥ የማስቀምጠው ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ፤ አንድም ቀን ነውሩ አልታየኝም።

ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት የአገሩ ገንዘብ ጊኒ ወደቀ፣ ዳቦ በሰልፍ ሆነ፣ አለቃችን ሙዲሩም «ዙሩፍ፣ ዙሩፍ» ማለት አበዛ፤ የጊዜው ችግር ማለቱ ነው። ወጪ ልቀንስ ሲል ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ። ዘመዶቹን ሳይነካ ከጽዳት ሠራተኛችን ጀመረ።

«ወረቀቷን አውጪና ቀኑን ጻፊበት፣ ያላ ቶሎ» አለኝ ሻዩን ፉት እያለ። ሻዩን ያፈላችለት እሷው ነበረች።

የእናቴ አገር ሰው ናት፤ ዴም ሰፈር ውስጥ ጎረቤታችን። ኻልቲ፣ አክስቴ እያልኩ ነው ያደግኩት። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ የልጆቿን ስልክ ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ቀኑን ሞላሁት።

ኻልቲ ግን አልቅሳ አልቀረችም፤ የመንግሥቱ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ ከሰሰች። በፈቃዷ እንዳልለቀቀች ካስረዳች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ካላስረዳች አሥራ አንድ ዓመት የወለወለችው ወለል ቀረ ማለት ነው። ሙዲሩ እኔን ለምስክርነት ላከኝ።

የቢሮው ሹም ወረቀቱን አገላበጠ። «አሻራው የቆየ ነው፣ የቀኑ ቀለም ግን አዲስ። ማን ጻፈው?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስጠላኝ።

«የማን ጽሕፈት ነው?» ብሎ ወረቀቱን ለኻልቲ አሳያት። ፊደል ባታውቅም ቁጥሮቼን ታውቃለች፤ ስልክ የምትደውለው ካርቶኑን እያየች ነው። ለሰባት ጭራ ስለማወጣለት ስንቴ ስቃብኛለች። ቀኑ ላይ ሁለት ሰባት ነበር። ወረቀቱን አየች፣ ከዚያም እኔን።

«ወላሂ አላውቀውም» አለችው። መዝገቡ ተዘጋ።

ደጅ ላይ እጇን ያዝኩ። «ኻልቲ፣ ለምን አልነገርሽውም?»

«አንቺም እኮ ፈርመሻል፣ ልጄ» አለችኝና ወደ ሚኒባሱ ሄደች።

ከማግስቱ ጀምሮ የሙዲሩን ሻይ የማፈላው እኔ ሆንኩ።