ለጀዊሪያ የተደረበላት ጋቢ

ጀዊሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ስትጠብቅ አንድም ሰው «ታማኝ ነሽ» ብሏት አያውቅም፤ እሷም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ታማኝ ነሽ መባል ምን ማለት ነው? «ሌባ ትመስዪኝ ነበር» ማለት አይደል? ኧረ ወዲያ!

ቤቷ ከቆቦ ገበያ ጥግ ያለች አንድ ክፍል ቆርቆሮ ናት። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የመጣው ሰው ዱላውን፣ ጥላውን፣ የአህያ ኮርቻውን፣ በጨርቅ የታሰረች ቋጠሮውን እሷ ዘንድ ትቶ ገበያውን ይዞራል። ቁጥር የለ፣ ወረቀት የለ። «ጀዊሪያ፣ አደራ» ይሏታል፤ «አደራ በሰማይ» ትላለች፤ በቃ። ሲመለስ የፈለገ አንድ እፍኝ ማሽላ ይሰጣታል፣ ያልፈለገ መርቋት ይሄዳል። ቋጠሮ አትፈታም፣ ምን አለበት ብላም አትጠይቅም። ሚስት ያስቀመጠችውን ለባል፣ ባል ያስቀመጠውን ለሚስት ተናግራ አታውቅም። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባል የለ፣ የእሷማ ሆድ ከራያ ሜዳም ይሰፋል።

አምና በጥቅምት የሻረግ የምትባል የጎብዬ አካባቢ ገበሬ አንዲት ጭብጥ የምታህል ቋጠሮ አስቀምጣ፣ «ስመለስ እወስዳለሁ» ብላ ሄደች። ሦስት ወር ጠፋች። ታማ አልጋ ላይ ውላ ነበር። በጥር ከስታ፣ በበትር ተደግፋ መጣች። ጀዊሪያ ቋጠሮዋን ከነእስሩ አውጥታ ሰጠቻት።

የሻረግ ጥግ ይዛ ፈታችው፤ የእናቷ የአንገት ወርቅ ነው። አይታ ስትጨርስ የጀዊሪያን ጉልበት ሳመች።

«እቴ ጀዊሪያ፣ ባሌ አላምረው ወርቁን ሸጠን ልጃችንን ማርታን ዐረብ አገር እንላካት ብሎ ቀን ከሌት ይጨቀጭቀኛል። ደላላው ቤት ድረስ ይመላለሳል። እኔ ድሮ ሸጨዋለሁ ብየ ምየበታለሁ። ልጅቱ ደግሞ እማራለሁ ትላለች። በዚያ በረሃ ስንቱ ልጅ ቀረ! አሁንም እዚሁ ይቀመጥልኝ።»

«አብሽሪ» አለቻት ጀዊሪያ፤ ቋጠሮውን መልሳ መደርደሪያው ላይ ከኋላ አስገባችው።

በሩ ላይ ግን ይሁኔ ጃኬቱን ሊወስድ ቆሞ ነበር። ይሁኔ «በጎ አርአያ» በሚሉት አዲስ ማኅበር ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ነኝ የሚል፣ ስልኩን ከእጁ የማያወርድ ወጣት ነው። ወርቁን አየ፤ ከጎብዬ መምጣቷን፣ ሦስት ወር ታማ መክረሟን ሰማ፤ ስለ ማርታ የተባለውን ግን አልሰማም። ግማሽ የሰማ ሰው አላህ አያምጣብህ!

በሳምንቱ መጣ። «እትዬ ጀዊሪያ፣ በገበያ ቀን በሕዝብ ፊት ልንሸልምዎ ነው። ሌላው እንዲማር።»

«ምን እንዲማር? አለመስረቅ? እናቱ ያላስተማረችውን የእናንተ ድምፅ ማጉያ ያስተምረዋል? ተወኝ።»

«ትሕትናዎ ነው።»

«ትሕትና አይደለም አንተ ልጅ! የሰው ገመና ነው። አደራ የሚጠበቅ በእጅ ብቻ መሰለህ? በአፍም ይጠበቃል።»

«ስም አልጠራም። ቃሌ ነው።»

እሷ አሁንም እንቢ አለች። ይሁኔ ግን የአገሩን ልብ ያውቃል። በገበያው ቀን ሼሁንና ቄሱን አስከትሎ ከደጇ ደረሰ። ሽማግሌ ከደጅ ቆሞ እንቢ ይባላል እንዴ? ተከትላ ወጣች። ነጭ ጋቢ ደረቡላት። ሼሁ መረቁ፤ ቄሱ ቀጠሉ። ገበያው ሁሉ «አሚን» ሲል እሷም እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች። ምርቃት ረግጦ የሚሄድ ወሎዬ የለም። ያን ጊዜ ጋቢውን ጥላ መሄድ ነበረባት። ይሉኝታ ይዟት ቆመች፤ እግሯ ይሰበር!

ይሁኔ ማጉያውን ተቀበለ። ስም አልጠራም፣ እውነቱን ነው። «ከወደ ጎብዬ የመጡ፣ ሦስት ወር ታመው የተኙ አንዲት እናት የአንገት ወርቃቸውን ትተው...» አለ። ማጨብጨብ ሆነ! ከጎብዬ ወዲያ ሦስት ወር የተኛች ሴት ስንት አለች? ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«ምን አደረግኸኝ?» አለችው ከመድረኩ እንደወረደች።

«ስም አልጠራሁም እኮ፣ እትዬ!» አለ ፎቶ እያነሣት። ከልቡ ገርሞታል። ይሄ ነው የሚያናድደው፤ ክፉ እንኳ ቢሆን ምን አለበት!

በማግስቱ ማለዳ የሻረግ ከባሏ ጋር መጣች። አላምረው ፊቱን አጥቁሮ ከደጅ ቆመ። የሻረግ ቀና ብላ አላየቻትም። «ቋጠሮዬን» አለች ብቻ። የቋጠሮው ባለቤት ራሷ ከጠየቀች ጀዊሪያ ምን ትበል? አውጥታ ሰጠቻት።

ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው ጀዊሪያን ባየ ቁጥር «የወርቋ ሴትዮ» እያለ ያልፋል። ዱላና ጥላ አሁንም ይቀመጣል። ቋጠሮ ግን ማንም አያስቀምጥም። ማን ነው ደግሞ ገመናው በድምፅ ማጉያ እንዲነበብለት የሚፈልግ? ይሁኔ የምስጋና ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ በሩ ላይ ሰቅሎላት ሄዷል።

በሚያዝያ የሻረግ መጣች። በትር አልያዘችም። ጀዊሪያ ስታያት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«የሻረግ! ወላሂ ስምሽን አልተናገርሁም።»

«አውቃለሁ። አንች አልተናገርሽም» አለች የሻረግ። «ጋቢውን ግን ለብሰሻል።»

ጋቢው ከተደረበላት ቀን ጀምሮ ከሣጥን አልወጣም፤ ይህ ግን ምን ይፈይዳል?

«አላምረው ወርቁን ሸጠው። ልጄን በአፋር በኩል ነው የወሰዷት። ይኸው አርባ ቀኗ፤ ድምፅ የለ፣ ወሬ የለ። ደላላው ስልኩን ዘግቷል።» የሻረግ መስታወቱን አየችው፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለች። «ታማኝ ናት ብለው ጽፈውልሻል አሉ። እንግዲህ አደራዬን ልወስድ መጣሁ። ማርታን አምጭልኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት «አደራዬን» ያላትን ሰው ባዶ እጁን ሰድዳ አታውቅም። ጀዊሪያ ሳታስበው ዞራ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች።