በጸሎት መሀል የተሰማ ልብ

በቆቦና በጎብዬ መሀል፣ አስፋልት ዳር ካለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አለቃዬ ሲስተር በላይነሽ የእንጨት ማዳመጫ ቀንድ ሰጡኝ። ሰፊው አፉ ከእርጉዟ ሆድ፣ ጠባቡ ከጆሮ ላይ ይሆናል። "ጆሮሽን ካስደገፍሽ በኋላ እጅሽን ከቀንዱ አንሺ፣ ጣትሽ ይንኮሻኮሻል" አሉኝ። "የእናትየዋን እጅ ይዘሽ የደም ሥሯን ምት ዳብሺ። የምትሰሚው ከእሷ ምት ጋር እኩል ከሄደ የልጁ አይደለም፣ የራሷ ነው።"

ጸጥ ያለ ክፍል ትምህርት ቤት ቀረ። እኛ ጋ ከኋላ ወፍጮ፣ ከፊት የጭነት መኪና ነው። የገበያ ቀንማ አይነሳ! የባጃጅ ጡሩምባ ቀጭን ስለሆነ ያናድዳል እንጂ ብዙ አይሸፍንም። የወፍጮው ጉርምርምታ ግን እንደ ልብ ምት ወፍራም ነውና ምቱን ይውጠዋል። ይህን እየቆየሁ ነው የለየሁት። ጆሮዬ ከመዛሉ የተነሳ ማታ ቤቴ ስገባ ሰው እንዲያናግረኝ አልፈልግም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ዘሀራ የምትባል ልጅ እግር ሴት መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጧ ረዝሟል። አማቷ እማማ ሰዓዳና ጎረቤቶቿ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ተከትለዋት ማዋለጃው ክፍል መስኮት ሥር ቆሙ።

ቀንዱን አስጠጋሁ። የራሷን ምት ብቻ ሰማሁ። ቦታ ቀየርኩ፤ አሁንም የራሷ ነው። ሲስተር በላይነሽ የልጅ መሳቢያውን ቫኪዩም ይዘው የእኔን ቃል ይጠብቃሉ። ልጁ በሕይወት ካለ ቶሎ ተስቦ መውጣት አለበት፤ ከሌለ ግን እሷን በመሣሪያ ማሰቃየት ምን ይረባል?

"ልጄ አለ?" አለችኝ ዘሀራ። ፈራሁ።

ወፍጮውን አስቆምን፤ ባለቤቱ አላስቸገረም። ሴቶቹ ግን ግማሾቹ "ያ ረቢ!" ግማሾቹ "ማርያም ማርያም!" ይላሉ። አንዱ ወገን ሲተነፍስ ሌላው ይቀበላል፤ ቀዳዳ የለውም።

"ኧረ እባካችሁ ዝም በሉልኝ!" አልኩ።

እማማ ሰዓዳ ተቆጡ። "እንዴ! በዚች ሰዓት ዝም ካልን መቼ ልንጠራ ነው? አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኛም ሥራችንን እንሥራ!"

ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበረኝም። "እሺ እማማ፣ አትተዉ። ግን ሁላችሁም አንድ ላይ ጥሩ፣ አንድ ላይ ተንፍሱ።"

አጉተመተሙ። ከዚያ እማማ ሰዓዳ እጃቸውን አንስተው መሩ። ያ ረቢና ማርያም እኩል ወጡ፣ እኩል ቆሙ። በቆሙባት ትንፋሽ ከዘሀራ ምት ጋር የማይገጥም፣ የደከመ ምት ሰማሁ። እንደገና ሲጠሩ ተሸፈነብኝ። ሲተነፍሱ ተመልሶ መጣ።

"አለ!" ብዬ ጮህኩ።

የልጁ ጭንቅላት ዝቅ ብሎ ስለነበር ዘሀራ አማጠች፣ ሲስተር ሳቡት። ወንድ ነው፤ ጠቁሮ ወጣ። አፉን ጠርገን አየር ሰጠነው፤ ቆይቶ ተነፈሰ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እማማ ሰዓዳ በመስኮት ብቅ አሉና "አሁን ዝም እንበል?" አሉኝ።

ለአዲስ አዋላጆች የምለው ይህን ነው፦ በጫጫታ መሀል የደከመ ልብ ለመስማት ሰው ሁሉ ዝም ማለት የለበትም። ሁሉም አብረው የሚወስዷት አንዲት ትንፋሽ ትበቃለች። እሷን ለምኑ።