ረቡዕና ዓርብ የሚመጣው ሕመም

ሲሳይነሽን ሕመሙ የሚጥላት በጾም ቀን ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ብትሆን ይኼን ያህል ባልተወራባት፤ እሷ ግን የቄስ ሚስት ናት። ባለቤቷ ቄስ ክንፈሚካኤል ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ደብር ይቀድሳሉ። ማክሰኞ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ያያት ሰው፣ ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ ፊቷ አብጦ፣ ገላዋ ተዥጎርጉሮ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሲያያት ምን ይበል?

የጀመራት በ1958 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መካከል ነው። መጀመሪያ ምላሷን በላት፤ በሳምንቱ ከንፈሯ አበጠ፤ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን ደህና ሰንብታ፣ የሰኔ ጾም ሲገባ ጉሮሮዋን ያንቃት ጀመር። ጎረቤቷ አልጣሽ "ጾም የማይወድ ነገር ተጠግቷታል" አለች። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ያየችውን ነው የተናገረች። ወሬው ግን ከእሷ አፍ ወጥቶ ደብሩን ዞረ።

ሲሳይነሽም አመነችው። ከባሏ ጋር መቁረቧን ተወች። ቄስ ክንፈሚካኤል ምክንያቱን ሲጠይቋት "አሞኝ ነው አባ" ብላ ታልፋቸዋለች። ትታቸው እንዳትሄድ፣ ቄስ ሌላ ሚስት አያገባም፤ ወይ ክህነቱን ይተዋል ወይ ይመነኩሳል። እንዳትቀመጥ ደግሞ፣ በእሷ ምክንያት ሰው መቅደሱን መጠርጠር ጀምሯል። ይኼን ስታወጣ ስታወርድ ከሳች።

ጸበል ገባች። ሁለት ሱባኤ ሙሉ በቀን አንዴ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመች ሰነበተች፤ አንድ ቀንም አላመማት። ለቀቀኝ ብላ ደስ ብሏት ተመለሰች። አማቷ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ እናቷ ሞታባት ከሊበን የመጣችውን ይህችን ልጅ ከወለዷት ለይተው አያዩም፤ "አንጀትሽ ደርቋል" ብለው ተልባ በማር በጥብጠው ጠበቋት። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ መሬት ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ስለ መዳን የሚያወራ ጠፋ።

በ1959 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም ከቄስ ክንፈሚካኤል ጋር ቡሬ ወረደች። ዘመድ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ሲፈታ የተልባ ፍትፍት ቀረበ። ሦስት ጉርሻ ሳትጨርስ ዓይኗ ተደፈነ። ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው መሐል እየሮጡ ክሊኒክ አደረሷት። ሐኪም በሌለበት ክሊኒክ በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ይርሳው፣ ፊቱ ላይ ድንጋጤ የማይታይ ዝምተኛ ሰው፣ ምንም ሳይጠይቅ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋት። ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን ጨብጠው ግድግዳው ሥር ቆሙ። ጥቂት እንደቆየች ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ትንፋሿ ተመለሰ።

ሲነጋ ይርሳው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ትናንት ምን በሉ?"

ይኼን ጥያቄ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ጠይቋት አያውቅም። "እህል አይደለም ጌታዬ" አለች አንገቷን ደፍታ። "የኔ በጾም ነው የሚነሣ። መንፈስ ነው ይላሉ።"

"ጾም ሆኖ ያላመመዎት ቀን የለም?"

"ጸበል ገብቼ አሥራ አራት ቀን ጾሜያለሁ። ያን ጊዜ ደህና ነበርሁ።"

"እንግዲያ ጾሙ አይደለማ" አለ ይርሳው። "ጾሙ ቢሆን ኖሮ እዚያም አይለቅዎትም ነበር። እዚያ ያልበሉት፣ እቤት ግን የሚበሉት ምንድን ነው?"

ሲሳይነሽ ጣቷን ዘረጋች። ሽሮውን ቆጠረች፣ ምስሩን ቆጠረች። በፍስክ ቀን ቤታቸው የማይሠራው፣ ጸበል ቦታም ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ሆነባት። ባሏን ቀና ብላ አየቻቸው።

"ተልባ" አሉ ቄስ ክንፈሚካኤል ቀድመዋት።

በጥቅምት ወር ፍኖተ ሰላም አንድ ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። አለርጂ ስለሚሉት በሽታ ያጠናል። ይርሳው ደብዳቤ ጽፎላቸው በአውቶቡስ ሄዱ። ሐኪሙ ክንዷን በመርፌ ጫፍ አራት ቦታ ጫር ጫር አደረገና በአንዱ ላይ የሽምብራ፣ በአንዱ የኑግ፣ በአንዱ የተልባ ውሃ፣ በአራተኛው ባዶ ውሃ ጠብ አደረገ። ቢያማት የሚወጋትን መድኃኒት አጠገቡ አዘጋጅቶ ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ሦስቱ እንደነበሩ ቀሩ፤ የተልባው ብቻ ቀልቶ የሽምብራ ፍሬ ያህል አበጠ።

"እኔንም ይጫሩኝ" አሉ ቄሱ እጀ ጠባባቸውን ሰብስበው። የእሳቸው ክንድ ምንም አልሆነም።

ሐኪሙ ለጥናቱ ሊያስተያይ ከሁለቱም ደም ቀዳና አስረዳቸው። "በሰው ደም ውስጥ በሽታ ሲገባ የሚዋጋ ነገር አለ። የእርስዎ ደም ተልባን እንደ ጠላት ቆጥሮታል። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅነውም፤ እሱን ነው የምናጠናው። ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። ተልባ ግን በአፍዎ አይግባ፤ የተፈጨበት ወፍጮም ሳይታጠብ አይፈጩበት።"

"እንግዲያ ኃጢአት አይደለም?" አለች ሲሳይነሽ።

"እኔ ሐኪም ነኝ፤ ኃጢአቱን አባ ያውቁታል።"

ቄስ ክንፈሚካኤል ሳቅ አመለጣቸው። "አይደለም" አሉ። "እኔም መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሰው የሚለውን ሰምቼ ዝም አልሁ።" አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ቡሬ ድረስ ትከሻቸው ላይ ተደግፋ ተኛች። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛች ዓመት አልፏታል።

ለወይዘሮ ሀብትነሽ መንገሩ ነው የከበዳት። አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "በዚህ እጄ ነበር?"

"ለፍቅር ነው ያደረጉት፣ እማዬ። አላወቁማ።"

ወይዘሮ ሀብትነሽ ተነሥተው የተልባውን ቅል ለአልጣሽ ሰጡ፤ የሰጡበትን ምክንያትም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። አልጣሽ ደብሩን ያዳረሰችውን ወሬ በማግሥቱ እሷው ራሷ ቤት ለቤት እየዞረች ትመልስ ገባች፤ "እኔ ነኝ የተሳሳትሁ" እያለች።

ለልደት ሲሳይነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከባሏ ጋር ቆረበች። ከዚያ በኋላ አራት ልጆች ወለደች፤ አንዱንም ጾም አላፈረሰችም። ድግስ ቤት በጾም ቀን ስትጠራ ወጥ ከመጉረሷ በፊት የድግሱን ባለቤት ጠርታ "ተልባ አለበት?" ብላ ትጠይቃለች፤ ሰዉም ለምዶት፣ ሳትጠይቅ በፊት ይነግራት ጀመር።