ያሳደርኩት መርዶ

እስከ ስልሳ ዓመቴ ድረስ ራግቢን የጎረምሳ ግብግብ ነው እያልኩ ዞር ብዬም አላየው ነበር። ያስለመዱኝ እዚህ ጀርመን፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር፣ ከኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት አየርላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል። በጀርመንኛዬ መሃል «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። ዓይናቸው ደክሞ ጨዋታው ጥላ ብቻ ሲሆንባቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣሁ ቴሌቪዥኑ ላይ የማየውን መንገር ጀመርኩ። ሕጉን መቼ አውቄ! «አሁን ደግሞ ተከምረው ወደቁ» እላለሁ፤ ከክምሩ ሥር ምን እየተደረገ እንደሆነ እሳቸው ያስረዱኛል።

ቡድናቸው የአየርላንድ ምዕራባዊ ክፍለ ሀገር ቡድን ነው፤ ከአገሪቱ አራት ክፍለ ሀገሮች ቡድኖች ድሃው። ታሪኩን በየእረፍቱ ትንሽ ትንሽ ያወሩልኛል። በሜዳው ዙሪያ ውሾች የሚሽቀዳደሙበት መሮጫ አለ። ከውቅያኖስ የሚነሳው ነፋስ የተመታውን ኳስ መልሶ ለመቺው ያመጣዋል። ጎበዝ ተጫዋች ባፈሩ ቁጥር ሀብታሞቹ ክፍለ ሀገሮች ይወስዱባቸዋል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አልኳቸውና፣ ሞፈር ምን እንደሆነ በጀርመንኛ ሳስረዳ እረፍቱ አለቀ። አንድ ጊዜ የራግቢው አለቆች ቡድኑን ሊዘጉት ሲሉ ደጋፊው ሰልፍ ወጥቶ አስቀረው፤ እዚያው የቀሩት ታናሽ ወንድማቸውም ከሰልፈኛው ጋር ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ ዋንጫ ያነሳ ቀን ወንድማማቾቹ በስልክ አብረው አለቀሱ።

የማይን ወንዝ ብርሃን ጣራው ላይ ሲንቀሳቀስ፣ የሳቸውም ድምፅ ዝግ ሲል፣ ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቅም፤ ያላየሁት አገር ዝናብ ፊቴን ይነካኝ ነበር። ያንን ሰዓት እንዴት እንደምወደው! ጨዋታው ሲያልቅ ወንድማቸው በኔ ስልክ ይደውላሉ፣ ምክንያቱም ጋሼ የራሳቸውን ስልክ ማየት አቅቷቸዋል።

ባለፈው መጋቢት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የወንድማቸው ልጅ ናት። አባቷ ትናንት ማረፋቸውን ነገረችኝና ለአጎቷ እንዳደርስላት ለመነችኝ። ቤቷ በሰው ተሞልቶ ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ደረጃው ግማሽ ላይ ደርሼ ቆምኩ። መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ? ብቻውን ለተቀመጠ ሽማግሌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንዲት ሴት አፍ? መርዶ ማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ። የእናቴን ሞት እኔ የሰማሁት ከተቀበረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እንዲያ ስለተጠነቀቁልኝ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ደግሞ ሰው ትናንት ከሞተ ዛሬ አፈር ለብሷል፣ ምን ያስቸኩላል ብዬ ተመለስኩ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን ሁለት አባቶች ጠራሁ። አንደኛው ዓርብ ሐኪም ቤት ቀጠሮ፣ እዚህ እንደምንለው ቴርሚን፣ ስላላቸው፣ ሌላው ደግሞ ቅዳሜ ስለማይመቻቸው ለእሑድ ማለዳ ተቀጣጠርን። ቀብሩ መቼ ነው ብሎ መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣ።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው ወጣሁ። ቡድናችን አሸነፈ። ጋሼ ስልኬን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ፣ ጠበቁ። መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳቸው።

እሑድ ሳይነጋጋ ሦስታችን ገባን። ሁለቱ አባቶች ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ እኔ ነገርኳቸው። አላለቀሱም። ብድግ ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ካፖርታቸው ሄዱ።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

ለልጅቱ ደወልኩ። በነሱ አገር አስከሬን ቤት ውስጥ ይሰነብታል፤ ሰው እየተተካካ አብሮት ያድራል። መርዶው ደርሷቸው እየመጡ ነው ብለው አጎቷን ሲጠብቁ ከሣጥኑ ራስጌ አንድ ወንበር ሁለት ሌሊት ባዶውን አድሮ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ቀብረዋቸዋል። በሁለት ሰዓት በረራ የሚደረስበት አገር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ጋሼ ካፖርቱን እንደያዙ ቆሙ። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቁኝ፤ ከሐሙስ ጀምሮ አልኩ።

«ወንድሜን የምሸከመው እኔ ነበርኩ» አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ በር አልከፈቱልኝም። እንደዚያ ሳምንት አፍሬ አላውቅም። ሁለቱ አባቶች ወጉን ነው የጠበቅሽው ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ፣ እኔ ግን የጠበቅኩት የራሴን አገር ወግ እንጂ የጋሼን እንዳልነበር አውቄዋለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ሾርባ ይዤ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንበሬ ከቦታው አልተነሳም፤ ጨዋታው ተጀምሯል፤ ቡድናችን እየተደቆሰ ነው።

«ትንሽ ወደኋላ ቀርተናል» አልኩ ተቀምጬ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «እንዳለ ንገሪኝ።»

ሠላሳ አንድ ለሦስት እየተመራን መሆኑን፣ ልጆቹ ጭቃው ውስጥ መቆም እንዳቃታቸው፣ ደጋፊው ተነስቶ መውጣት መጀመሩን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«እሺ» አሉ። «ቀጥዪ።»