ከኮርኒሱ በላይ ያስቀመጥኩት ቅጠል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ትዕግስት አዲስ በሠራችው ቤት ሳሎን ውስጥ ስምንት ስፖት የሚያስገባ ኤሌክትሪሽያን መጣ። ስፖት የሚሉት ኮርኒስ ውስጥ ተቀብሮ ወደ ታች የሚያበራውን ትንሽ መብራት ነው። ሰውዬው ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ኮርኒሱን ሊበሳ ሲል፣ «ከላይ ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም የለም እማማ።»

«ወጥተህ አይተሃል?»

ሳቀ። «የአሁኑ አምፖል እንደ ድሮው አይሞቅም፤ አይስጉ» አለኝ።

«አምፖሉን አልጠየቅኩህም። መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ፤ ውጣና እይ።»

«እማዬ ጀመረች» አለች ትዕግስት። ነገሩ የተጀመረው በእሷ ምክንያት መሆኑን አታውቅም። ያን ጊዜ የስድስት ወር ሕፃን ነበረች።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ አግብቼ፣ እዚሁ ዲላ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ባለቤቴ ቡና በደረሰ ቁጥር ኮንጋ ሄዶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይጠብቃል፤ እስኪያልቅም አይመለስም። ክፍሏ ከአከራያችን ከጋሽ ወርቁ ሳሎን ጋር በአንድ ቆርቆሮ ሥር ነበረች። ጋሽ ወርቁ ከሸዋ መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ቁመታቸው አጭር ድምፃቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። በእሳቸው በኩል ኮርኒሱ ቺፕውድ ነው፤ በእኔ በኩል የማዳበሪያ ከረጢት። የሚለየን ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው።

የኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው አትሰማውም። ትዕግስት በየቀኑ እየደነገጠች ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሴቶች ቆጮና ቅቤ የሚጠቀልሉበትን የደረቀ የእንሰት ቅጠል አየሁና ሦስት እስር ተሸክሜ መጣሁ። የከረጢቱን ጥግ ተርትሬ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋሁ ከላይ አነጠፍኩት። ድምፁ ረገበ፤ ልጄም ተኛች። ለማንም አልተናገርኩም። የሰው ቤት ነውና መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እምቢ እንዳይሉኝ ፈራሁ።

በጥቅምት የጋሽ ወርቁን ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ እንደሚመጡ ተሰማ። ጋሽ ወርቁ ከአዲስ አበባ ስድስት ስፖት አስመጡ። ሰፈር ውስጥ ያን ጊዜ ማንም አልነበረውም። ሙክታር የሚባል ረጅም ኤሌክትሪሽያን ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሲበሳና ሲቀጥል አረፈደ።

እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ልጄን ላያት ስገባ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ጠዋት የጠበስኩት ቆጮ ያረረ መሰለኝ፤ ምድጃው ግን ቀዝቅዟል። ትዕግስትን አዝዬ ወደ ሳሎን ሮጥኩ። ስድስቱም መብራቶች በጠራራ ፀሐይ በርተዋል። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሽቅብ ያያሉ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ያጥፉት! የሚቃጠል ነገር ይሸታል።»

«አዲስ አምፖል መጀመሪያ ሲበራ ይሸታል። አይደለም ሙክታር?»

«ይሸታል» አለ ሙክታር፣ እኔን ሳያየኝ።

«እኔ ቤት ነው የሚሸተው። ያጥፉት ብያለሁ!»

«አንቺ ልጅ፣ ጣሪያው የማን ነው?»

«ጣሪያው የእርስዎ ነው። ከሥሩ የምትተኛው ልጅ ግን የእኔ ናት።»

መልሳቸውን አልጠበቅኩም። በረንዳው ላይ ቆጣሪው ጋ ሄጄ ፊውዙን ነቀልኩና በጡጫዬ ጨብጬ ተመለስኩ። እሳቸው ሲጮኹ ሙክታር መሰላሉን አቆመና የኮርኒሱን መውጫ ከፍቶ ጭንቅላቱን አስገባ። ቆየ። ከዚያ ግማሹ የከሰለ፣ ዳሩ ገና የሚቀላ ቅጠል የያዘ እጅ ወደ ታች ወረደ።

«ውሃ አምጡ!»

የልብስ ማጠቢያዬን ሳፋ ነበር ያቀበልኩት። የሳሙናው ውሃ ከላይ ተንጠባጥቦ የጋሽ ወርቁን ሶፋ አራሰው። እኔ ስገፋ ግድግዳውን አልፎ የሄደ ቅጠል አንደኛው ስፖት ጀርባ ላይ ተኝቶ ነበር። ለአንድ አምፖል የተዘረጋው አሮጌ ቀጭን ሽቦም ስድስቱን መሸከም አቅቶት የፕላስቲክ ልባሱ ለስልሷል።

ጋሽ ወርቁ ሙክታር ላይ ዞሩ። «ይሄን ጥራጊ ሳታይ ነው እሳት የለቀቅክብኝ? ከእንግዲህ እዚህ ከተማ ማንም ሰው ቤቱ አያስገባህም! እኔ ወርቁ ነኝ!»

ያሉትን እንደሚያደርጉ ሁላችንም እናውቃለን። ሙክታር የሚኖረው በስሙ ነው። እኔ ደግሞ ብናገር ሕፃን ይዤ፣ ባሌ በሌለበት፣ ዲላ በቡና ሰው በተሞላችበት ወቅት ሜዳ ላይ ልወድቅ ነው። አፌን ብዘጋ ማንም አያውቅብኝም። ጥቂት ዘገየሁ፤ አልዋሽም።

«ቅጠሉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ? ነገ ከቤቴ ውጪ!»

«እወጣለሁ። ግን ጥፋቱ የሁላችንም ነው። እኔ ሳልጠይቅ ቅጠል አስገባሁ። እሱ ከላይ ያለውን ሳያይ ቀዳደደ፤ በዚያ ላይ ስድስት አምፖል በአሮጌ ሽቦ ቀጠለ። እርስዎ ደግሞ እየለመንኩዎት አላጠፉም። ውጡ ከተባለ ሦስታችንም እንውጣ!»

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከጓዳው በር ሆነው፣ «ወርቁ፣ አንተ ከወጣህማ ነገ ሽማግሌዎቹን ማን ይቀበላል?» አሉ። ሙክታር ሳቁን መያዝ አልቻለም። ጋሽ ወርቁ ሶፋውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ ሙክታር ለመጠገኛ የጠየቃቸውን ሽቦና ዕቃ ሊገዙ ወጡ።

እኔ ላይ ወጥቼ የመጨረሻዋን ቅጠል እስክለቅም ድረስ አቧራ ስውጥ ዋልኩ። ሙክታር ፊውዙን ከእጄ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። «ሥራ እስክጨርስ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው» አለኝ። ያም ሆኖ እያንዳንዱን ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚያሳየው ቴስተር ሳያይ አልነካም። ከቆጣሪው ጀምሮ ለስፖቶቹ ብቻ ወፈር ያለ አዲስ መስመር ከነብሬከሩ ዘረጋ። መጀመሪያ በፕላስተር ጠቅልሎ የተዋቸውን መጋጠሚያዎች በማያያዣ አጥብቆ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ዘጋቸው። የመሬት ሽቦም አልረሳም። ሽቦዎቹን ከአምፖሎቹ ጀርባ አርቆ በእንጨቱ ላይ አሰራቸው። «ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል፤ ከላዩ ምንም አይቀመጥም» ሲል እኔን እያየ ነበር። መሰላሉን የያዙት ጋሽ ወርቁ ናቸው። እየተነጫነጩ ነው፤ ግን አልለቀቁም። በመጨረሻ አንድ ሰዓት ሙሉ አብርተን ሙክታር ሽቦውን ዳሰሰው። ቀዝቃዛ ነበር።

«ቅጠል እንዳትመልሺ» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። ስለ መውጣት ያነሳ ሰው የለም። አራት ዓመት ኖርኩ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገና ከመቀመጣቸው ዝናቡ መጣ። ስፖቶቹ ያምሩ ነበር፤ ልጅቷን የጠየቁት ግን እየጮኹ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የትዕግስትን ጆሮዎች በመዳፎቼ ሸፍኜ ሁሉንም ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ላይ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ቅጠል እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ ቁጡ ነኝ። ቢሆንም እፈልጋለሁ።

የትዕግስት ኤሌክትሪሽያን ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ከመሰላሉ ወረደ።

«አየሁ እማማ። ምንም የለም።»

«ምንም የሌለው አሁን ነው» አልኩት። «ቅድም ግምት ነበር። በል፣ ብሳ።»